የዘፈን ተከታታይ ጥቅምና ግዴታ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ዘፈንን መስማትና ዘፈንን መከታተል አንድ ነገር አይደሉም። የሚሰማ ሰው ከጆሮው የደረሰውን ይሰማል፤ ሬዲዮው ሲከፈት ይደሰታል፤ ሲዘጋም ይረሳል። የሚከታተል ሰው ግን ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ፥ በምን መሣሪያ እንደ ታጀበ፥ ሸክላው በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ወጣ ይጠይቃል፤ የሰማውን ይጽፋል፤ የገዛውን ይጠብቃል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው። ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ኋላ መለስ ብለን ስንመረምረው፥ ብዙው የሀገራችን ዘፈን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የተሻገረው በመሥሪያ ቤት መዝገብ ሳይሆን በእንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ መሆኑን እንረዳለን።

በአውሮፓና በአሜሪካ «ከምድር በታች ያለ ሙዚቃ» የሚል አነጋገር አለ። ትርጓሜውም በታላላቅ የሸክላ ኩባንያዎች ያልተያዘ፥ በታላላቅ አዳራሾች የማይታይ፥ ጋዜጣና ሬዲዮም ብዙ የማያወሱት ሙዚቃ ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፥ የኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ በሚበዛበት ሮክ በሚባለው ሙዚቃ ውስጥ፥ ብዙ ወጣቶች ኩባንያ እስኪጠራቸው ሳይጠብቁ ገንዘብ እያዋጡ ሸክላቸውን ራሳቸው ማሳተም፥ በመጠጥ ቤትና በተተወ መጋዘን ውስጥም መጫወት ጀመሩ። ተከታታዮቻቸውም በደብዳቤ እየተጻጻፉ፥ ሸክላ እየተለዋወጡ፥ በእጅ የተባዛ መጽሔት እያሠራጩ ሙዚቃውን አኖሩት። ተጫዋቹና ተከታታዩ የሚተዋወቁበት፥ አንዱ ያለ ሌላው የማይቆምበት ሥርዓት ነው።

«ይህስ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። በእኛ ሀገር ግን ስሙ እንጂ ነገሩ ዐዲስ አይደለም። ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ አምበርን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ፥ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው በጎጃም ደጋ ላይ አምበርን ያገኛል፤ የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብዙው ተጓዥ ግን በአውቶቡሱ መስኮት አይቶ ያልፋታል። የሙዚቃ አዳራሽና የሸክላ ማሳተሚያ ፈልጎ የሚያጣ ሰው «እዚህ ሙዚቃ የለም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ከድንኳኑ አጠገብ ቆሞ ቀረርቶውንና ሽለላውን ቢሰማ፥ ወይም በምሽት ጠጅ ቤት ገብቶ የማሲንቆ ጨዋታ ቢያገኝ፥ የጻፈውን መልሶ ይሰርዘው ነበር። ለዚህ ጨዋታ ማስታወቂያ አይለጠፍም፤ ትኬትም አይቈረጥም፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንግዲህ ከምድር በታች ያለ ሙዚቃ ከተባለው በምን ይለያል?

የአዝማሪን ሥራ ሁላችንም እናውቃለን ብለን እናስባለን። ማሲንቆው ባለ አንድ ጅማት ነው፤ ጅማቱ የፈረስ ጭራ፥ ሣጥኑም ቁርበት የለበሰ እንጨት ነው። በዚህ በአንድ ጅማት ትዝታውን፥ ባቲውን፥ አምባሰሉንና አንቺ ሆዬውን ይጫወታል። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን «ተቀበል!» ሲሉት ተቀብሎ፥ ከአድማጩ የተወረወረለትን ግጥም ከዜማው ሳይወጣ መመለሱ ነው። ስለዚህ በአንድ ምሽት የተዘፈነው በማግሥቱ በዚያው መልክ አይደገምም። አድማጩም የግጥሙ ባለቤት ነው፤ ሰሙን ለሁሉ፥ ወርቁን ለሚያውቅ ይተዋል። ይህን የአዝማሪን ኀይል ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ጠላትም ያውቀው ነበር። በ1929 ዓ.ም. በየካቲት 12 ከደረሰው የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ በኋላ፥ ግራዚያኒ በየሀገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑትንና ወሬ የሚነግሩትን ሰዎች እንደ አደገኛ ቈጥሮ እንዲጠፉ ማዘዙ በታሪክ ተመዝግቧል። ማሲንቆ ይዞ ከገበያ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ለወራሪው መንግሥት ያስፈራው ነበር ማለት ነው።

ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው ነገር ወደ ሸክላ የገባው ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ወደ ጀርመን ሀገር በሄዱ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ ይህም ከኢትዮጵያ የሸክላ ታሪክ መጀመሪያ ላይ የሚቆም ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ሸክላ ማሳተም በሀገራችን ለረጅም ጊዜ አልተስፋፋም። አንዱ ምክንያት ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ልዩ ትምህርት ስለሚሰጥ ጥቂት እናብራራው።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ፥ ሸክላ ወደ ሀገር የማስገባትና የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ማኅበር ለቴአትርና ለሙዚቃ ያደረገው ውለታ የሚካድ አይደለም፤ ስመ ጥር ዘፋኞች ከመድረኩ ወጥተዋል። የድንጋጌውም አሳብ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ሥልጣኑ ለአንድ ወገን ተሰጥቶ ያ ወገን ብዙ ሳይሠራበት ሲቀር፥ ጥበቃ የነበረው ነገር መከልከያ ይሆናል። በክብር ዘበኛ፥ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች፥ እንዲሁም በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር ስንት ድንቅ ዘፈን ሲዘፈን፥ ከሬዲዮ ጣቢያ ቴፕ አልፎ ወደ ሸክላ የገባው ጥቂቱ ብቻ ነበር።

ይህን የሰበረው የሙዚቃ መደብር የነበረው አንድ ወጣት ነጋዴ፥ አቶ አምሃ እሸቴ ነው። ድንጋጌው ሳይሻር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. በስሙ «አምሃ ሬኮርድስ» የተባለ የሸክላ ድርጅት አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን የመጀመሪያ ሸክላው አድርጎ አወጣ። በሀገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ፥ ቴፑ ወደ ውጭ ሀገር ተልኮ ነበር ሸክላ ሆኖ የሚመለሰው። እስከ 1975 ድረስ ባሉት ስድስት ዓመታት ድርጅቱ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። ኋላም የአቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ተከተለ። ዛሬ በዓለም ላይ «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን» ተብሎ የሚጠራው ዘመን ማስረጃው አብዛኛው እነዚህ ሸክላዎች ናቸው። አቶ አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ሥራቸው ግን ይሰማል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ገደብ ታወጀ፤ የምሽት ጨዋታ ተዳከመ፤ ግጥም በሳንሱር ማለፍ ነበረበት፤ አቶ አምሃም ሀገሩን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ሄደ። የሸክላው ቦታ በካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየሙዚቃ ቤቱ ይቀዳል፤ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ከደብረ ማርቆስም ወደ አምበር መሰል ከተሞች ይደርሳል። ሸክላ ማጫወቻ ከማይገባበት ቤት ካሴት ገባ። ጉዳቱም ከጥቅሙ ጋር መጣ፤ ከቅጂ ቅጂ ሲወሰድ ድምፁ እየደከመ ሄደ፤ በሽፋኑ ላይ የነበረው ስምና ዓመትም በመንገድ ቀረ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ሸክላዎቹን ያዳነ ማን ነው? አንዱ መምህር፥ አንዱ ጸሐፊ፥ አንዱ ጡረተኛ መኮንን፥ አንዱ የሙዚቃ ቤት ባለቤት በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ተደንቆ ወደ ሀገራችን በመጣ ጊዜ የሚፈልገው ነገር በሰዎች እጅ ተበትኖ ነበር። የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» በአውሮፓ አቈጣጠር በ1986 በብራስልስ እንደ ገና ታተመ፤ ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኤቲዮፒክ» የተባለው ተከታታይ የሸክላ መድበል በፓሪስ መውጣት ጀመረ፤ ቍጥሩም ሠላሳ ያህል ደርሷል። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም በ2005 በወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ በብዙ ሀገር ታወቀ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የሚለው ብሂል በእኛ ላይ እንዴት እንደ ተፈጸመ ልብ ይሏል።

በመጀመሪያ ያወሳነው የሮክ ሙዚቃና የእኛ ሽለላ የተገናኙበትም ጊዜ አለ። በአምስተርዳም በ1979 የተቋቋመ «ዘ ኤክስ» የተባለ ባንድ አለ፤ ሸክላውን ራሱ የሚያወጣ፥ በትንንሽ ቤቶች የሚጫወት፥ ከላይ እንደ ገለጽነው ያለ ባንድ ነው። ይህ ባንድ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በየከተማው ተጫውቷል። በ2004 የሃያ አምስተኛ ዓመቱን በዓል ሲያከብር፥ የሳክስፎን ተጫዋቹን አቶ ጌታቸው መኩሪያን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ። አቶ ጌታቸው በልጅነቱ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ የጀመረ፥ ኋላም በቴአትር ቤትና በፖሊስ ኦርኬስትራ የሠራ ሰው ነው። ስሙ የታወቀው ሽለላንና ፉከራን ከጀግና አፍ ወደ ሳክስፎን በማዛወሩ ነው። ነፋሱን ሲነፋ የሚሰማው ዘራፍ ባይ ነው እንጂ የፈረንጅ ዜማ አይደለም። ከዚያ በዓል በኋላ እነዚሁ የሮክ ሰዎች እንዲያጅቡት ራሱ ጠየቃቸው፤ በ2006ም «ሞዓ አንበሳ» የተባለው ሥራ ወጣ። አቶ ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት በብዙ የአውሮፓ መድረክ አብረው ተጫውተዋል።

በዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? የአምስተርዳም ወጣት ገንዘብ ከፍሎ፥ ቆሞ፥ ላብ እያጠመቀው የሰማው የፉከራ ዜማ ሥሩ በአምበር ሠርግ ላይ ያለ ገንዘብ ይሰማል። ልዩነቱ የአምስተርዳሙ ተቀርጿል፤ ስም አለው፤ ዓመት አለው፤ የአምበሩ ግን ድንኳኑ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

በዋና ከተማችንም ቢሆን ቦታ አላፊ ነው። ካዛንቺስ ከአዝማሪ ቤቶቿ የተነሣ ለብዙ ዓመታት የምሽት አድማጭ የማይለያት ሠፈር ነበረች። ተወዛዋዡ አቶ መላኩ በላይ ይመራው የነበረው ፈንድቃ፥ ማሲንቆና ጃዝ፥ የፈረንጅ ጊታርም በአንድ ጠባብ ክፍል የሚገናኙበት ቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሠፈሩ አሮጌ ቤቶች ለከተማ መልሶ ልማት ሲነሡ ያ ዘመን አለፈ። ከተማ መለወጡ አይቀርም፤ በዚያ ክፍል ማን ምን እንደ ተጫወተ የጻፈና የቀረጸ ሰው ካለ ግን ክፍሉ በሙሉ አልጠፋም። ወጣቶቻችንም ቢሆኑ መንገዱን አልተዉትም፤ ጃኖ የተባለው ባንድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ባወጣው «ኤርታሌ» በተባለ ሥራው የሮክን ጊታር ከሀገር ቅኝት ጋር አስማምቷል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ዘፈንን መከታተል የሚፈልግ አንባቢ ምን ያድርግ?

አንደኛ፥ በቤትዎ ያለውን ይመርምሩ። ከአባትዎ የቀረ ሸክላ ካለ ሣጥኑን ይክፈቱ። ጥንታዊው ሸክላ እንደ ገል የሚሰበር ነው፤ የኋለኛው ፕላስቲክ ስለ ሆነ ቶሎ አይሰበርም፤ ነገር ግን ይጫራል፤ በፀሐይም ይጣመማል። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ሲሆን በእያንዳንዱ ገጽ ብዙ ጊዜ አንድ ዘፈን ይይዛል። ሲያነሡት ጠርዙንና መካከሉን ብቻ ይያዙ፤ ዜማው ያለው በቀጭኑ ቦይ ውስጥ ነውና ጣትዎ አይንካው። አይደራርቡት፤ እንደ መጽሐፍ ያቁሙት። መርፌው ያረጀ ማጫወቻ ቦዩን ስለሚያበላሸው ሸክላውን በእርሱ አያጫውቱ። ካሴትን ከእርጥበትና ከማግኔት ያርቁ፤ ድምፁ የተያዘው በፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ በተለጠፈ የብረት ዱቄት ስለ ሆነ ማግኔት ይደመስሰዋል። ሳይውል ሳያድር ወደ ኮምፒዩተር ያስገልብጡት፤ ቅጂውንም በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ያስቀምጡ።

ሁለተኛ፥ ስሙን ከዘፈኑ አይለዩ። ዛሬ በየከተማው ሱቅ ገብተን በስልካችን ዘፈን ስናስጭን፥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ስም የሌለው ቍጥር ብቻ ነው። ዘፋኙ ማን ነው? ግጥሙ የማን ነው? መቼ ተዘፈነ? ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ መስመር መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ካልተጻፈ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ሊቅ ዓመት ሙሉ ፈልጎ አያገኘው ይሆናል።

ሦስተኛ፥ በአካል ሄደው ይስሙ። በሥራ ምክንያት ወደ ጎጃምም ሆነ ወደ ሌላ አገር ሲላኩ ምሽቱን በሆቴል ክፍል አያሳልፉት። «እዚህ ማሲንቆ የሚጫወት ማን አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከመቅረጽዎ በፊት ግን አዝማሪውን አስፈቅደው ተገቢውን ይክፈሉ። ይህ የጨዋነት ነገር ብቻ አይደለም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለሚጫወተውም ሰው በሥራው ላይ መብት ሰጥቷልና። ሲቀርጹም ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን «ተቀበል» ባዩንና መልሱን ሳይቈርጡ ይቅረጹ፤ ያለ አድማጩ ጨዋታው ግማሽ ነው። ስሙን፥ ቦታውን፥ ቀኑን፥ ሙያውን ከማን እንደ ተማረ ይጻፉ። ቅጂውንም ለባለሙያው ይስጡት፤ የራሱን ድምፅ ከእርሱ ደብቆ መሄድ ነውር ነው።

አራተኛ፥ ሲጠራቀም አደራ ይስጡ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፥ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፥ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክርም ለእንዲህ ያለ ነገር የቀረቡ ቦታዎች ናቸው፤ ለጎጃም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በአጠገብ አለ። ከሞት በኋላ በወራሾች ተሽጦ እንዳይበተን በሕይወት ሳሉ ማስረከብ ይሻላል።

በመጨረሻም ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ቃል አለኝ። ከላይ ያነሣነውን ድንጋጌ አይርሱት። ድንጋጌውን የጻፈው ሰው ሙዚቃን ሊገድል አላሰበም፤ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው ጥበቃ ነበር። እኛም በየጠረጴዛችን የምንፈርመው ፈቃድ፥ የምናዘገየው ደብዳቤ፥ «ይቅረብ» ብለን የምንመልሰው ማመልከቻ አንዳንድ ጊዜ አንድ መድረክ ይከፍታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይዘጋል። አንድ ወጣት ለሙዚቃ ምሽት ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ፥ ከፊታችን የቆመው ምናልባት ሌላ አምሃ ወይም ሌላ ጌታቸው ሊሆን እንደሚችል እናስብ። ሕጉን እናስከብር፤ ነገር ግን ሕጉ የታሰበለትን ነገር እንዳይገድል እንጠንቀቅ።

ጥር ሲመጣ በአምበር ድንኳን ይተከላል፤ ሽላዩ ይነሣል፤ እልልታው ይቀልጣል። በማግሥቱም ድንኳኑ ይነቀላል። በመካከሉ አንድ ሰው በማስታወሻ ደብተሩ ስሙንና ቀኑን ጽፎ፥ በስልኩም ቀርጾ ቢገኝ ያ ሌሊት ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ያ ሰው እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ዐዋጅ ነጋሪ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» እንደሚል፥ ይህን ያነበበ ላላነበበ ይንገር።